የደራሲ ወኪል ምንድን ነው? ከትክክለኛው ወኪል ጋር መገናኘትስ ለምን ይከብዳል?

የደራሲ ወኪል ወይም ሊተራሪ ኤጀንት የሚባለው፣ ረቂቁን ለአሳታሚ የሚያቀርብ፣ ውል የሚደራደርና ክፍያ የሚያስከብር ባለሙያ ነው። ሥራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ለንደን ላይ በኤ. ፒ. ዋት ሲጀመር የወኪሉ ድርሻ ከደራሲው ክፍያ 10 በመቶ ነበር። ዛሬ ከአገር ውስጥ ሽያጭ 15፣ ከውጭ አገርና ከትርጉም መብት 20 በመቶ የተለመደ ነው። አሳታሚ 10,000 ፓውንድ ቅድሚያ ቢከፍል፣ በ15 በመቶ ስሌት 1,500ው የወኪሉ ነው። ካልተሸጠ ወኪሉ ምንም አያገኝም።

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወኪል አያስፈልገውም። ማተሚያ ቤት ሄዶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ወጪውን ይሸፍናል፣ ለአከፋፋይ ያስረክባል፤ ወይም በቀጥታ ከአሳታሚ ጋር ይዋዋላል። ወኪል የሚያስፈልገው መጽሐፉ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ እንዲታተም ሲታሰብ ነው። እዚያ ያሉት ትልልቅ አሳታሚዎች በአብዛኛው ያለ ወኪል የመጣ ረቂቅ አይቀበሉም።

ችግሩ ያለው መገናኘቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ወኪል የሚይዘው የሥራ ዓይነት የተወሰነ ነው፤ የወንጀል ልቦለድ የሚሸጥ ሰው የግጥም መድበል ቢላክለት፣ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢያምር የሚያውቀው ገዢ የለም። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚወድቀው በዚህ እንጂ በጥራት ጉድለት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ከራስ ሥራ ጋር የሚቀራረቡ የቅርብ ዓመታት መጻሕፍትን አንስቶ የምስጋና ገጻቸውን ማየት ይበጃል፤ ደራሲው ወኪሉን የሚያመሰግነው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ደብዳቤው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ለሃምሳ ሰው የተበተነ ደብዳቤ ሳይነበብ ይቀራል። 300 ቃላት ገደማ ይበቃሉ፦ ርዕስ፣ ዘውግ፣ የቃላት ብዛት፣ ታሪኩ፣ ስለ ደራሲው ጥቂት መስመር። «ስለ ፍቅርና ክህደት የሚያወሳ፣ ለትውልድ የሚተላለፍ ሥራ» ማለት ለወኪሉ ምንም አይነግረውም። «በ1977 ድርቅ ከወሎ የመጣች የ14 ዓመት ልጅ ለገሀር ሻይ እየሸጠች የጠፋ ወንድሟን ትፈልጋለች፤ ስታገኘው ግን ሌላ ቤተሰብ አሳድጎት ስሟን እንኳ አያስታውስም» ቢባል ግን መጽሐፉ ይታያል። ከደብዳቤው ጋር የሚሄደው አጭር ማጠቃለያ መጨረሻውን ጭምር ይናገራል። «አንባቢው ይድረስበት» ብሎ መደበቅ እዚህ ቦታ ላይ ይጎዳል፤ ወኪሉ ታሪኩ መቋጨቱን ማወቅ አለበት።

የአማርኛ ደራሲ ሌላም ሸክም አለበት። ወኪሉ አማርኛ ስለማያነብ የመጀመሪያዎቹ 30 እስከ 50 ገጾች በሚገባ ተተርጉመው መቅረብ አለባቸው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ማስተርጎም የደራሲው መብት ነው፤ ትርጉሙ ግን የራሱ ጥበቃ ስላለው ከተርጓሚው ጋር ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ መዋዋል ይገባል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ደራሲው ከአገር ውስጥ አሳታሚ ጋር ሲፈራረም «ሙሉ መብት» የሚል ሐረግ ሳያስተውል አልፎ፣ በኋላ ወኪል ሲያገኝ የትርጉም መብቱ በእጁ አለመሆኑን የሚረዳበት ጊዜ ነው። ከመፈረም በፊት መብቱን በአማርኛ ኅትመት ብቻ መወሰን ይቻላል፤ አሳታሚዎችም ሲጠየቁ የሚቀበሉበት ጊዜ አለ።

ሲላክ በአንዴ ከስድስት እስከ ስምንት ለሚሆኑ ወኪሎች ልኮ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ማንም ሙሉ ረቂቁን ካልጠየቀ የሚታረመው ደብዳቤው ወይም የመጀመሪያዎቹ ገጾች ናቸው። ጠይቀው አንብበው ከመለሱት ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፉ መካከል በኋላ። አስተያየት የጻፈ ወኪል ካለ ያ ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው።

ለማንበቢያ፣ ለመመዝገቢያ ወይም ለአርትዖት ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ «ወኪል» ሲመጣ ግን ምንም ሳይከፍሉ መራቅ ነው።