«ከሰኞ ጀምሮ አቆማለሁ»፦ ስለ መክሰስና ራስን ስለ መጠየቅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተጠያቂነት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው የኦዲት ሪፖርት፣ የግምገማ ስብሰባና የአለቃ ቁጣ ነው። በምግብ መሀል ስለሚበላው መክሰስ ሲነሳም ቃሉ ያንኑ ጠባዩን ይዞ ይመጣል፦ ጥፋተኛ ፍለጋ። እዚህ ግን የምንፈልገው የእቁቡን ተጠያቂነት ነው። እቁብ ላይ ማንም «በርታ፣ ጠንክር» ብሎ አይሰብክም። መጠኑ ይታወቃል፣ ቀኑ ይታወቃል፣ ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ ይጠብቃል፤ ሰውም ይከፍላል። ከደሞዙ ቤሳ ማስቀረት የማይሆንለት ሰው እቁቡን ሳያጓድል የሚዘልቀው ለዚህ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ቦምቦሊኖና ለስላሳ ለለመደ ሰውም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ከዚህ ውጭ በጉዳዩ ላይ ከሚባለው ብዙው ስህተት ነው፤ አንዳንዱማ ይባስ ያስበላል።

«ራሴን ካልወቀስኩ አልስተካከልም»

ይባስ ከሚያስበሉት አንደኛው ይህ ነው። ሂደቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከዕቅድ ውጭ አንድ ሳምቡሳ ይበላል፤ «ዛሬስ ተበላሽቷል» ይባላል፤ ቀኑ አንዴ ከተበላሸ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሳምቡሳ አይቆጠርም፤ ከዚያ «ከሰኞ ጀምሮ» ይመጣል። ሄርማንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይተዋል። አመጋገባቸውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ወተት ያለበት ጣፋጭ መጠጥ እንዲጠጡ ከተደረገ በኋላ አይስክሬም ሲቀርብላቸው፣ ምንም ካልጠጡት ጓደኞቻቸው የበለጠ በሉ። ሆዳቸው ሞልቶ ነበር፤ ያለቀው «ዛሬን ጠብቄያለሁ» የሚለው ስሜት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አዳምስና ሊሪ ሴቶችን ዶናት ካበሉ በኋላ ለከፊሎቹ «ይህንን ሁሉም ሰው ይበላል፣ በራስሽ ላይ አትጨክኚ» የሚል አጭር ቃል አሰሟቸው። አመጋገባቸውን ከሚቆጣጠሩት መካከል ይህን የሰሙት ቀጥሎ ከቀረበው ከረሜላ የበሉት ካልሰሙት ያነሰ ነበር።

ስለዚህ «ምን ነካኝ?» የሚለውን ጥያቄ መተው ነው። መልስ የለውም። «ስንት ሰዓት ነበር? ከምን በኋላ?» የሚለው ግን መልስ አለው፤ ነገ የሚስተካከል ነገርም ያሳያል።

«የምበላውን አውቀዋለሁ፣ መጻፍ አያስፈልገኝም»

ማንም አያውቀውም። ኒው ዮርክ ውስጥ «ትንሽ እየበላን መቀነስ አቃተን» ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት ሲለኩ፣ የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው ነበር የተናገሩት። የግድ ዋሽተዋል ማለት አይደለም። ቆመን የበላነው፣ ከልጅ ሳህን ያነሳነው፣ ስልክ እያወራን የዘገንነው ነገር ትዝ አይለንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ወደ 1,700 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት፣ የሚበሉትን በየቀኑ የጻፉት ካልጻፉት እጥፍ ክብደት እንደቀነሱ አሳይቷል። እርግጥ በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ቀድሞውንም ትጉ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም።

ደብተሩ ኪስ የሚገባ ይሁን፤ የስልክ ማስታወሻም ይሠራል። አራት ነገር ብቻ ይጻፋል፦ ሰዓት፣ ምን፣ ስንት፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር። የአንድ ቀን ገጽ ይህን ይመስላል፦

4:30 — ማኪያቶ፣ ስኳር 2 — ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ
10:15 — ቦምቦሊኖ 1፣ ሻይ ስኳር 3 — ስብሰባ ተራዘመ
ማታ 3:40 — ብስኩት ግማሽ ፓኬት — ልጆቹ ያስተረፉት፣ ቴሌቪዥን

የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ምንም አይቀየርም፤ ይጻፋል ብቻ። በ8ኛው ቀን ደብተሩን ገልጠው በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመውን መስመር ያስምሩበት። ሥራው የሚጀምረው እሱ ላይ ነው፤ ሌላውን ለጊዜው ይተዉት።

ደብተሩ የሚከሽፍባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ ማታ ተኝቶ የቀኑን ማስታወስ ነው፤ ግማሹ ይረሳል፤ ስለዚህ የሚጻፈው ከመጉረስ በፊት ነው። ሌላው «ትንሽ ብስኩት» ብሎ መጻፍ ነው። «ትንሽ» ቁጥር አይደለም፤ 4 ፍሬ ነው ወይስ 9? ሦስተኛውና ዋናው፣ በከፋው ቀን ደብተሩን መዝጋት ነው። የከፋው ቀን ገጽ ግን ከሁሉም ገጾች የበለጠ ይጠቅማል፤ ምክንያቱ የተጻፈው እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መክሰሱን አያቋርጥ፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። የሚበላውን ሁሉ መቁጠር ጭንቀት ውስጥ የሚከተው ሰውም ይህን ዘዴ ይተወው።

«የጾም ስለሆነ ጤናማ ነው»

ጾም ከሥጋና ከወተት እንጂ ከስኳርና ከዘይት አይከለክልም። የምስር ሳምቡሳ፣ ቺፕስና ለስላሳ ሁሉም የጾም ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ ማርና ጭማቂን ጨምሮ፣ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው፤ 6 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ብቻውን 32 ግራም ገደማ ይይዛል። በየሲኒው 2 ማንኪያ የሚጨምር ሰውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ሲነሳ 6 ማንኪያውን ጨርሷል፤ ፈንዲሻው ላይ የተነሰነሰው ገና አልተቆጠረም።

ቆሎና ኦቾሎኒ ከቦምቦሊኖ በብዙ ይሻላሉ። ነገር ግን ከላስቲኩ እየዘገኑ ሲበሉ መጠን የሚባል የለም። 30 ግራም ኦቾሎኒ 170 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ 100 ግራሙ 570 ይደርሳል፤ በወሬ መሀል 100 ግራም መጨረስ ደግሞ ከባድ አይደለም። አንድ ሲኒ ሞልቶ፣ ላስቲኩን አስሮ፣ መልሶ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ከዚያ መቀመጥ ነው።

«ወኔ ካለ ሁሉም ይቻላል»

ምሳ 6 ሰዓት፣ እራት ማታ 2 ሰዓት ከሆነ መሀሉ 8 ሰዓት ነው። በ10 ሰዓት የሚመጣው ረሃብ እንጂ የወኔ ማነስ አይደለም፤ ረሃብ ደግሞ በወኔ አይጠግብም። መፍትሔው መክሰስን ማስቀረት ሳይሆን ጠዋት ከቤት ይዞ መውጣት ነው፦ አንድ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም አንድ ብርጭቆ የሽምብራ ንፍሮ። ንፍሮን ሥራ ቦታ ይዞ መሄድ የሚያፍር አለ፤ ቺፕስ ይዞ መሄድ ግን የሚያፍር የለም።

እንቅልፍም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በ12 ጤናማ ወጣት ወንዶች ላይ በተሠራ ሙከራ፣ ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ 10 ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ረሃብ ቀስቃሹ ሆርሞን በ28 በመቶ ጨመረ፤ የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው በ18 በመቶ ቀነሰ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ ሲነካካ ያደረ ሰው በማግስቱ ራሱን «ሆዳም» እያለ ቢሳደብ ጥፋተኛውን ስቷል።

ቃል የሚገባውም በተወሰነ አነጋገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለው አነጋገር ነው። «ጣፋጭ እቀንሳለሁ» ማለት አይበቃም። «ስብሰባ ተራዝሞ 10 ሰዓት ካለፈ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ሙዝ እዚያው እበላለሁ» ማለት ይበቃል። ሰዓቱ ሲደርስ የሚታሰብ ነገር አይቀርም።

«ለሁሉም ከተናገርኩ አፍሬ እጠነክራለሁ»

ፌስቡክ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ስኳር በቃኝ» ብሎ መጻፍ መቶ ሰው ያስጨበጭባል፤ በሳምንቱ የሚጠይቅ ግን አንድም የለም። ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ሰው መሆን የሚፈልገውን ተናግሮ ሌሎች ካወቁለት በኋላ ጥረቱ ሊቀንስ ይችላል። ሙገሳው ቀድሞ ተከፍሏላ።

የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነው። ባለቤት ወይም እናት ባይሆን እንመርጣለን፤ ማዕድ ላይ የሚነሳ ጥያቄ ወደ ንትርክ ይሄዳል። አብሮ የሚበላውም ሰው፣ እሱም ራሱ ደብተር ካልያዘ በቀር፣ አይሆንም። የተሻለው የሥራ ባልደረባ ወይም በስልክ የሚገናኙት ጓደኛ ነው። ከእሱ ጋር ሦስት ነገር ይወሰናል፦ ሰዓቱ፣ ጥያቄው፣ መልሱ። ለምሳሌ ማታ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ዛሬ ለስላሳ ስንት?» ይላል፤ መልሱ አንድ ቁጥር ነው፦ 0 ወይም 1 ወይም 2። ቅዳሜ ደግሞ የደብተሩ ገጾች ፎቶ ተነሥተው ይላካሉ። «እንዴት ነው፣ እየበረታህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠቅምም። የዚህ ጥያቄ መልስ በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው።

ጠያቂው አይመክርም፣ አይገስጽም። ቁጥር ይቀበላል፤ ቁጥሩ ካልመጣ ይደውላል። ሥራው ይኸው ነው።

«በገንዘብ ብቀጣ እተዋለሁ»

ፊሊፒንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 አጫሾች የራሳቸውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጠው፣ በ6 ወር የሽንት ምርመራ ካላለፉ እንዲወረስባቸው አማራጭ ቀርቦላቸው ነበር። የተቀበለው 11 በመቶው ብቻ ቢሆንም አማራጩ ከቀረበላቸው መካከል ምርመራውን ያለፉት ካልቀረበላቸው በ3 የመቶኛ ነጥብ በልጠዋል። እዚያ ግን የሽንት ምርመራ ነበር። ብስኩት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ የለም፤ በበላ ቁጥር የሚቀጣ ሰው ደብተሩ ላይ አሳንሶ ይጽፋል። ቅጣት ከተፈለገ ባልተጻፈ ቀን ይሁን እንጂ በተበላ ነገር አይሁን።

«21 ቀን ከቻልኩ ልማድ ይሆናል»

ይህ ቁጥር የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ ወደ 21 ቀን እንደሚወስድባቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈ፤ «ቢያንስ» የሚለው ቃል በኋላ ጠፋ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታትለው ያገኙት መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ይለያያል። ከዐቢይ ጾም 55 ቀን ይረዝማል። ደስ የሚለው፣ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል እንደማያበላሸውም አግኝተዋል።

ስለዚህ ለአንድ ልማድ 10 ሳምንት ይመድቡ። ሻይ ላይ 3 ማንኪያ የለመደ ሰው ለሁለት ሳምንት 2፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት 1 ተኩል፣ ከዚያ 1 እያለ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ከ3 ወደ 0 የወረደ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ 3 ላይ ይገኛል።

«ሰው ቤት እምቢ ማለት ነውር ነው»

ነውሩ ምንም አለመቅመስ ነው፤ መጠን መምረጥ ነውር አይደለም። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ማለት ከጀመረች በኋላ ማንም አያሸንፍም፤ ስለዚህ ልመናው ሳይመጣ መቅደም ነው። ዳቦው ሲቆረስ «ለእኔ ይቺን» ብሎ ትንሿን አንስቶ፣ አመስግኖ ቀስ ብሎ መብላት፤ ባዶ ሳህን ሌላ ቁራሽ ይጠራልና። ስኳር ላይ ደግሞ ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ስኳሩ ሲኒው ውስጥ የሚገባው ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ነው። «የእኔን ያለ ስኳር» የሚባለው እንግዲህ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ሲደረደሩ ነው። ጀበናው ከዘነበለ በኋላ የሚቀረው ጠጥቶ፣ ደብተሩ ላይ «ስኳር 2» ብሎ መጻፍ ነው።