ሃምሳ ሎሚ የታቀፈ አለቃ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።» ይህን ያልሰማ የለም። መዋጮ ሲጠየቅ ይጠቀሳል፣ ደቦ ሲጠራ ይጠቀሳል። ተጋገዙ፣ ሥራውን ተካፈሉ ማለት ነው። እኔ ግን አባባሉ ምስጋናንም ይመለከታል ባይ ነኝ፣ በተለይ አለቃ ለሆናችሁ።

መጀመሪያ ሎሚው። ሎሚ እንዴት ጌጥ ሆነ? ጥምቀትን ያየ ያውቀዋል። ጥር 11 ጎረምሳው ዓይኑ ያረፈባትን ልጅ በሎሚ ወርወር ያደርጋታል፣ እሷም ከወደደችው ታነሳዋለች። ሎሚ መዓዛ ነው፣ ከእጅ ሲገባ ያምራል። ሃምሳውን የታቀፈስ? ክብደቱ እኮ ያን ያህል አይደለም፣ ጥቂት ኪሎ ቢሆን ነው። ጣጣው እጅ አለመብቃቱ ነው። አንዱን ሲይዙ ሌላው ይንከባለላል።

ምስጋናውን ሁሉ ለብቻው የሚታቀፍ አለቃም እንደዚያው ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንዱ ተቀመጡ እንበል። ቆሮሶ ጥብስ ቀረበ፣ ጣት ያስቆረጥማል። እንግዳው «ኧረ ይሄ ዓሣ ልዩ ነው!» ይላል። ባለቤቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይልና «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። አለቀ። ምስጋናው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ጓዳ ውስጥ ዘይት እየፈነጠቀባት የጠበሰችው ሴት አልሰማችም፣ ቅርፊቱን ሲገፍ የዋለው ልጅም አልሰማም፣ በሌሊት ታንኳውን ገፍቶ መረብ ሊያነሳ የወጣው አስጋሪማ ጭራሽ። ባለቤቱ ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጡት እጅሽ ይባረክ ብለውሻል» ቢላት ምን ይጎድልበታል?

ቢሮም ስትሄዱ ያው ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝም ተብሎ ይከረምና ሰኔ 30 ሲደርስ ሪፖርቱ ማለቂያ ላይ «ለመላው ሠራተኞች ምስጋና ይገባል» የምትል መስመር ትገባለች። መላው ሠራተኛ ስሙ ማን ነው? ደግሞ የሽኝቱ ነገር አለ። ሰውዬው መልቀቂያ አስገብቶ ጋቢ ሲለብስ ነው ትጉህነቱ፣ ቅንነቱ፣ ሁሉ ነገሩ ትዝ የሚለን። እያለ ማን «ጎሽ» አለው?

ጣናን እምቦጭ ሲወርረውም ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነው የነቀለው። በ2013 ጥቅምት ላይ የአንድ ወር ዘመቻ ተጠርቶ ነበር፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ላብ ፈሷል። ለእንዲህ ያለው ሥራ «ሕዝባችንን እናመሰግናለን» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የእነ እገሌ ቀበሌ ይህን ያህል ዳርቻ አጸዳ ብሎ በስም መጥራት ግን ሰውን ቀና ያደርጋል።

ስለዚህ ስም ጥሩ። ምኑን እንዳደነቃችሁም ንገሩ፤ «ጎበዝ ነሽ» ጥሩ ነው፣ «ትናንት ያን የተቆጣ ደንበኛ ሳትደነግጪ ያስረዳሽበት መንገድ ደስ አለኝ» ግን ዓመት የማይረሳ ነው። ሳይቆይ ይባል። ሰው ፊት መወደስ የሚያሳፍረው ደግሞ አለ፣ እሱን ለብቻው ጠርቶ ወይም በውስጥ መስመር ጻፍ ማድረግ ይበቃል። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ እናንተ ራሳችሁ በበላይ አለቃችሁ ፊት ስትመሰገኑ «ይህን የሠራችው እሷ ናት» ማለት ልመዱ። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፣ ሎሚው ሲጥም ማካፈል ይረሳላ!

ደግሞ የትርፍ ሰዓት ሳይከፍሉ «እናንተ እኮ ቤተሰብ ናችሁ» የምትሉ አለቆች ይህን ጽሑፍ እንዳትጠቅሱብኝ። መጀመሪያ ሒሳቡን ዝጉ።