ማነው «ዝግ ነው» ያላችሁ?

ከባንኮክ የሚመለስ ዘመድ ሁሉ አንድ ወሬ ይዞ ይመጣል። «ታላቁን ቤተ መንግሥት ሳላየው መጣሁ፣ ዝግ ነበር።» ማነው ያለህ? «በሩ አካባቢ የቆመ ጨዋ ሰውዬ።»

ተሸውደሃላ!

ቤተ መንግሥቱ በየቀኑ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 9፡30 ትኬት ይሸጣል። ለንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት የሚዘጋ ክፍል ቢኖር እንኳ የሚነግራችሁ ትኬት ቆራጩ እንጂ የመንገድ ሰው አይደለም። ሰውዬው «አሁን ጸሎት ላይ ናቸው፣ እስከዚያ በ20 ባት ቤተ መቅደስ ላስጎብኛችሁ» ብሎ ቱክቱክ ይጠራል። ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው፤ ቱክቱክ ማለት ያው የኛ ባጃጅ ነው። ጉዞው የሚያልቀው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ከሱቁ ኮሚሽኑን ይቀበላል።

አጎቴን ለሕክምና ይዤው ሄጄ፣ እኔ ውጤት ስጠብቅ ብቻውን ወጣ አለ። ማታ «ሰንፔር» ገዝቶ መጣ። አዲስ አበባ ላይ እጥፍ ያወጣል ብለውታል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ስናሳየው ልጁ አንዴ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብርጭቆ ነው» አለው።

ስለዚህ በሩ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። ጠርቶ የሚያዋራችሁን አመስግናችሁ እለፉ። ለትኬቱ 500 ባት ያዙ። ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ አያስገባም፤ ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ ብላችሁም አትተማመኑ።

ሌሎቹን የተሳሳቱ ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ንጉሡ እዚያ ነው የሚኖሩት።» አይኖሩም። እ.ኤ.አ. በ1782 በንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ዘመን የተጀመረ ግቢ ነው፤ ዛሬ ለሥነ ሥርዓት ነው የሚያገለግለው።

«ግቢው ውስጥ ያለው ኤመራልድ ቡድሃ ኤመራልድ ነው።» ስሙ ነው እንጂ ሌላ አረንጓዴ ድንጋይ ነው። ቁመቱም 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። ግዙፍ ሐውልት ጠብቆ «ይቺ ናት?» ያለ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ግን ልብሱን ነው የምወድለት፦ የወርቅ ልብሱ ለበጋ፣ ለዝናብና ለብርድ ወቅት በዓመት ሦስት ጊዜ ይቀየራል፣ ቀያሪው ራሱ ንጉሡ ነው።

«ቡድሃ ያ ቦርጫም ሳቂታው ነው።» እሱ ቡዳይ የሚባል ቻይናዊ መነኩሴ ነው። ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ገብታችሁ 46 ሜትር የሚረዝመውን ጋደም ያለ ቡድሃ እዩ፣ ቦርጭ የለውም። ተኝቶም አይደለም፤ የመጨረሻ ዕረፍቱን ነው የሚያሳየው። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ሐውልቱ አትዘርጉ፣ ነውር ነው። ጫማ ማውለቁን እንኳ ለሐበሻ አልነግርም።

«ዋት አሩን የሚባለው ቤተ መቅደስ በዕንቁ የተለበጠ ነው።» የሚያብረቀርቀው የቻይና ሲኒና ሳህን ስባሪ ነው። ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከዋት ፖ አጠገብ ጀልባ በጥቂት ባት ያሻግራችኋል።