የሱዛን ስትሬንጅ «መዋቅራዊ ኃይል» ምን ማለት ነው?

«መዋቅራዊ ኃይል ማለት ጠንካራ ጦር ነው አይደል?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ መጥቷል። አይደለም። ጦር አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

እንግሊዛዊቷ ምሁር ሱዛን ስትሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ኃይልን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ግንኙነታዊ ነው፤ አንዱ ሌላውን አስገድዶ የማይፈልገውን ሲያሠራው። ሁለተኛው መዋቅራዊ ነው፤ ሁሉም የሚሠራበትን ሥርዓት የመቅረጽ አቅም። እዚህ ላይ ትእዛዝ የግድ አያስፈልግም።

አንድ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈረንሳዩ ባንክ ቢኤንፒ ፓሪባ ለአሜሪካ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ጥፋቱ አሜሪካ ማዕቀብ ለጣለችባቸው የሱዳን፣ የኢራንና የኩባ ደንበኞች ዶላር ማስተላለፉ ነበር። ባንኩ ፈረንሳዊ፣ ደንበኞቹ የሌላ አገር። ታዲያ አሜሪካን ምን አገባት? ዶላሩ የሚወራረደው፣ ማለትም በባንኮች መካከል ክፍያው የሚጠናቀቀው፣ በኒውዮርክ በኩል ስለነበር ነው። ዶላር ማወራረድ የተከለከለ ትልቅ ባንክ ደግሞ ዓለም አቀፍ ሥራው ክፉኛ ይጎዳል። ልብ በሉ፣ ቅጣቱ ራሱ ግንኙነታዊ ኃይል ነው። እንዲቻል ያደረገው ግን መዋቅሩ ነው። ብዙዎቻችን የምንደናገረው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ስትሬንጅ የዘረዘሯቸው ዋና መዋቅሮች አራት ናቸው፦ ደኅንነት፣ ምርት፣ ፋይናንስና ዕውቀት። ይህ አያከራክርም። ከአራቱ የቱ ይበልጣል የሚለው ግን እንደ ጊዜውና እንደ ጉዳዩ ይለያያል። የአሜሪካ ኃይል እየቀነሰ ነው ወይ የሚለውም ያከራክራል፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «ቀንሷል» የሚሉትን አጥብቀው ተቃውመዋል።