ስለ ምርምር ግራንት ሲነገሩ የምንሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የምርምር ገንዘብ ወሬ ሲነሳ የሚመላለሱት አባባሎች ያው ናቸው። ሌክቸረሩም፣ ሬዚደንቱም፣ የላብራቶሪ ባለሙያውም ከታላላቆቹ ይሰማቸውና ለታናናሾቹ ያቀብላቸዋል። ከሁሉም የሚያሳስቡኝ ግማሽ እውነት ያለባቸው ናቸው።

«ዋናው ነገር ጥሪውን ቀድሞ ማየት ነው»

የቴሌግራም ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ጥሪ፣ ማለትም ገንዘብ ሰጪዎች «አመልክቱ» ብለው የሚያወጡት ማስታወቂያ፣ አያጣም። የሚያጣው ጊዜ ነው፤ ለእሱ ባልተጻፈ ጥሪ ላይ ሲደክም ይከርማል። ቻናሎቹ የሚለጥፉት ርዕሱን፣ የገንዘቡን መጠንና የመጨረሻውን ቀን ነው። አብዛኛውን አመልካች ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ የሚጥለው ግን «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለው አንቀጽ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይለጥፈውም።

ፍለጋውን ከኋላ ጀምሩት። በእናንተ ርዕስ ላይ በቅርብ የታተሙ ጥናቶችን አውጡና መጨረሻቸው ላይ ያለውን የምስጋና ክፍል አንብቡ። ገንዘቡን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የግራንቱ ቁጥር ሳይቀር እዚያ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በተለምዶ ኤንአይኤች የምንለው፣ ሪፖርተር የሚባል ለማንም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት አለው። የበሽታውን ወይም የአገሩን ስም ስትሰጡት ማን፣ በየትኛው ተቋም፣ በምን ዓይነት ግራንት፣ በስንት ዶላር እየሠራ እንደሆነ ከነማጠቃለያው ያወጣላችኋል። ለጤና ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የለንደኑ ዌልካም ትረስትም የሰጣቸውን ግራንቶች ይፋ ያደርጋል። እነዚህን ማጠቃለያዎች የሚያነብ ሰው ሰጪው ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚወድ ያያል፤ ማንን ማነጋገር እንዳለበትም ያውቃል። ማስታወቂያ ይህን አይነግረውም።

«ገንዘቡ የሚሰጠው ለእኔ ነው»

ስኮላርሺፕ የለመደ ሰው ግራንትንም እንደዚያው ያየዋል። ስኮላርሺፕና አንዳንድ ፌሎውሺፕ (ለተመራማሪ የሚሰጥ የሥራ ዘመን ድጋፍ) በርግጥ ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል። ግራንት ግን በአብዛኛው ውሉ ከተቋሙ ጋር ነው፤ ተመራማሪው የሥራው ኃላፊ ነው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሒሳብ የሚያወራርደው ተቋሙ ነው።

ኤንአይኤች ዘንድ አመልካቹ ራሱ ተቋሙ ነው። ተቋሙ ሳም በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ ተመዝግቦ መለያ ቁጥር መያዝ፣ ኢአርኤ ኮመንስ የሚባለው ሥርዓት ውስጥም መግባት አለበት። ይህ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስድ እንደሚችል ኤንአይኤች ራሱ ያስጠነቅቃል። የሳም ምዝገባ በየዓመቱ ካልታደሰ ይቃጠላል፤ የሚያድሰው ሠራተኛ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ይዞ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይህን ማወቅ ያስለቅሳል።

በሌላ በኩል ይኸው ደንብ ብዙ ሰው የማያውቀውን በር ይከፍታል። የዌልካም የጀማሪ ተመራማሪዎች ሽልማት ደመወዝና እስከ 400,000 ፓውንድ የሚደርስ የምርምር ወጪ ይሰጣል። «እንግሊዝ አገር ካልሄድኩ አይሆንም» ብሎ የሚተወው ሰው ጥቂት አይደለም። ሆኖም ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ተቋም ከብሪታንያና ከአየርላንድ ሌላ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮችም ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ የማይካተቱት ሕንድና ዋናው የቻይና ምድር ናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ሊይዘው ይችላል።

እንግዲህ ፕሮፖዛሉን ከመጀመራችሁ በፊት የተቋማችሁን የምርምር ጽሕፈት ቤት አንኳኩ። ማን ነው የሚፈርመው? የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ አለ? የጥናት ሥነ ምግባርን የሚመረምረው የኤቲክስ ኮሚቴ በየስንት ጊዜው ይሰበሰባል? ከተቋሙ ኮሚቴ አልፎ ወደ ብሔራዊው የሚሄድ ጥናት ከሆነስ? ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የናሙና ዝውውር ስምምነትም ይጠየቃል። የሥራ ዕቅዳችሁ የመጀመሪያ ወሮች በዚህ ያልቃሉ፤ ባትጽፉት እንኳ ያልቃሉ።

«የእኛ በሽታ ፈረንጆቹን አይስባቸውም»

ከኤችአይቪ፣ ከቲቢና ከወባ ውጭ ገንዘብ የለም የሚለው ስሞታ መሠረት አለው፤ ትልልቆቹ ፈንዶች የቆሙት ለእነሱ ነው። ነገር ግን ፖዶኮኒዮሲስን ተመልከቱ። ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ የሚሠራን ገበሬ እግር የሚያሳብጥ፣ ሰው በጅምላ ዝሆኔ የሚለው፣ በትንኝ የማይተላለፍ በሽታ ነው። ከዚህ የበለጠ የተረሳ ርዕስ ማግኘት ይከብዳል። ዶክተር ከበደ ደሪቤ በዌልካም ፌሎውሺፕ ታግዘው ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባካሄዱት ጥናት በ659 ወረዳዎች ውስጥ 1,315 ማኅበረሰቦች ተዳሰሱ፤ ከዚያ የበሽታው አገር አቀፍ ካርታ ወጣ። ሰጪው የወደደው የበሽታውን ዝና አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው የትም ሌላ ቦታ በዚያ መልኩ ሊመለስ የማይችል ነበር፤ መልሱም ጫማ ለየትኛው ወረዳ መድረስ እንዳለበት ይናገራል።

«ሀሳቡ ጥሩ ከሆነ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል»

ይህን ለሚል ሰው የእንዶድን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ ርካሽ፣ አገር በቀል፣ በሕዝብ እጅ ያለ ነበር። ዓለም አቀፍ ተቋማቱ ግን የመርዛማነት ምርመራው እነሱ በሚቀበሉት ደረጃ ካልተሠራ አሉ፤ ያን የሚሸፍን ገንዘብ ዓመታት ፈጀ። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ ግኝቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖት ነበር። በደል ነበረበት፣ አልክድም። ለዛሬ አመልካች የሚጠቅመው ግን የትኛው ማስረጃ ሰጪውን እንደሚያሳምነው አስቀድሞ ጠይቆ መጀመሪያ ለዚያ ማስረጃ ገንዘብ መፈለግ ነው። ትንንሽ ግራንቶች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

«ፒኤችዲ ከሌለኝ አይመለከተኝም»

ፒኤችዲ የማይጠይቁም አሉ። ለምሳሌ የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ትሮፒካል ሜዲስን ኤንድ ሃይጂን ለጀማሪዎች እስከ 5,000 ፓውንድ ይሰጣል። በምህጻሩ ኦደብሊውኤስዲ የሚባለው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ማስተርስ ላላቸው ሴቶች የፒኤችዲ ፌሎውሺፕ አለው፤ ፒኤችዲ ለጨረሱት ደግሞ አገራቸው ሆነው የምርምር ቡድን እንዲያቆሙ እስከ 50,000 ዶላር። በአንጻሩ የአውሮፓው ማሪ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ ፒኤችዲ ይጠይቃል፣ ከተመረቁም 8 ዓመት ያለፋቸውን አይቀበልም። የሚቆጠረው ግን ዕድሜ አይደለም፤ በወሊድ ከሥራ የተለያችሁበት ጊዜም ይቀነስላችኋል።

«ትንሽ ብጠይቅ ቶሎ ይሰጡኛል»

አይሰጧችሁም። በጀቱ ከሥራው ካነሰ ገምጋሚው የሚረዳው ሥራውን እንደማታውቁት ነው። የሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ማጓጓዣ፣ የጉምሩክ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ሁሉ ይግባ። የተቋሙ አስተዳደራዊ ወጪም አለ፤ ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት የሚፈቅደው 8 በመቶ ነው።

«አንዴ ከተጣለ አበቃ»

ለማሪ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ17 ሺህ በላይ ሰው አመልክቷል። እንዲህ ባለ ወረፋ መውደቅ ስለ ችሎታ የሚናገረው ትንሽ ነው። ኤንአይኤች የተጣለን ማመልከቻ በ37 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ አሻሽሎ መልሶ ማስገባት ይፈቅዳል፤ የገምጋሚዎቹን አስተያየትም በጽሑፍ ይልካል። አስተያየቱ መጀመሪያ ሲነበብ ያናድዳል፤ አስቀምጣችሁት ሌላ ቀን አንብቡት።

«ኤአይ ይጽፍልኛል»

እንግሊዝኛ ለማረም ይጠቅማል። ሙሉውን ማስጻፍ ግን ሌላ ነው፤ ኤንአይኤች እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በአብዛኛው በኤአይ የተዘጋጀን ማመልከቻ የአመልካቹ ወጥ ሥራ አድርጎ እንደማይቆጥር አስታውቋል፤ አንድ ዋና ተመራማሪ በዓመት ከስድስት ማመልከቻ በላይ እንዳያስገባም ገድቧል።

«አሜሪካ ስለዘጋች ሁሉም ተዘጋ»

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ኤንአይኤች በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል ለውጭ ተቋም የሚተላለፍ ንዑስ ግራንት ያለባቸውን አዳዲስ ድጋፎች አዲስ ሥርዓት እስኪዘረጋ አቆማለሁ ማለቱ ብዙ ቡድኖችን ጎድቷል። አዲሱ ሥርዓት ግን የውጭው ተቋም የራሱን ድጋፍ በቀጥታ እንዲቀበል የሚያደርግ ነው፤ ምዝገባውን ያልጨረሰ ዩኒቨርሲቲ እንግዲህ በማን በኩል ያልፋል? ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን ፕሮግራም አለ፤ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ዝቅተኛ ገቢ አገሮች ተቋማት ከአውሮፓውያኑ ጋር ተጣምረው ከፕሮግራሙ ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። የክሊኒክ ሙከራ ለሚሠራ ሰው በዚያው ጥላ ሥር ያለው ኢዲሲቲፒ የሚባለው የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች የክሊኒክ ሙከራ ትብብር የተቋቋመው ከአፍሪካ ጋር ለመሥራት ነው።

«ግራንት የሚያገኘው ዘመድ ያለው ነው»

ትውውቅ ይጠቅማል፤ የሚመሠረተው ግን በዝምድና ብቻ አይደለም። ብዙ ጥሪዎች የሚያነጋግሩትን የፕሮግራም ኃላፊ ስምና ኢሜይል ያትማሉ፤ ሰውየው ጥያቄ መመለስ ሥራው ነው። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፕሮፌሰሮችም «አብረን እንሥራ» ከሚል ባዶ መልእክት ይልቅ ጥያቄው፣ ናሙናው የሚሰበሰብበት ሆስፒታልና የታሰበው ጥሪ የሰፈሩበት አንድ ገጽ ሲደርሳቸው የመመለስ ዕድላቸው ሰፊ ነው። ለማመልከቻ ወይም «ለማስኬጃ» ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ግን ያ ሰው ግራንት ሰጪ አይደለም፤ ደረሰኝ ቢያሳያችሁም።