ፋይሉ አልጠፋም፣ ፕሪንተሩም አልሞተም

ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ግን አንድ ቃል ጆሮዬ ላይ ተሰክቷል። «ተበላሸ።» ዊንዶው ቀየርኩና ፕሪንተሩ ተበላሸ። ዊንዶው ቀየርኩና ፋይሌ ተበላሸ። ካሜራው፣ ድምፁ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ፣ ሁሉም ተበላሸ።

አብዛኛው አልተበላሸም። ሰው ግን ተበላሽቷል ብሎ ካመነ በኋላ ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ፎርማት ያስደርገዋል። እውነተኛው ጉዳት የሚደርሰው ያኔ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የምሰማቸውን እዚህ ልዘርዝራቸው።

«የአማርኛ ጽሑፌን አዲሱ ዊንዶው በላው»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ጋሼ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላት ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመዋጮ መዝገብ፣ የብዙ ዓመት ሥራ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። የወንድማቸው ልጅ ዊንዶውስ 11 ጫነላቸው። ፋይሉን ሲከፍቱት አማርኛው የለም። «ልጄ፣ ቫይረስ ነው አሉኝ። ከደብተሩ እያየሁ እንደገና እየጻፍኩት ነው» አሉኝ። አስራ አንድ ገጽ ጽፈዋል። የሚጽፉት በሁለት ጣት ነው።

ፋይሉን ከፈትኩት። የአባላቱ ስም መኖር ባለበት ቦታ የጥቅስ ምልክት፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ አናታቸው ላይ ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይመልከቱ» አልኳቸው። የመዋጮው ብር በየቦታው አለ። 50፣ 50፣ 100። ዓመተ ምህረቱም ይነበባል። ቫይረስ ፊደሉን ለይቶ በልቶ ቁጥሩን አይተውም።

ዎርድ ላይ የፎንት፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የሚስለው ፋይል፣ ስም የሚታይበት ሳጥን አለ። እዚያ ቪዥዋል ግዕዝ የሚባለው የድሮ የአማርኛ ፎንት ስም ተጽፏል። ዎርድ ስሙን ያስታውሳል፣ ፎንቱ ግን አዲሱ ዊንዶውስ ውስጥ የለም። ደግነቱ ልጁ ሲጭን ሲ ድራይቭን ፎርማት አላደረገውም። የድሮው ዊንዶውስ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ገና ሳምንት ስላልሞላው አልተሰረዘም። ፎንቶቹን ከዚያ አወጣሁ፣ ኢንስቶል አደረግኩ፣ ዎርድን ዘግቼ ከፈትኩት። የመጀመሪያው አባል ስም ብቅ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት። ስሙን ጮክ ብለው አነበቡና «ይሄ ሰው እኮ አርፏል፣ ነፍሱን ይማር» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚያገኝበት የጋራ መዝገብ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር «አ» የሚባል ፊደል አያውቅም ነበር። ያኔ የአማርኛ ፎንት የሠሩ ሰዎች ብልሃት ፈጠሩ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ ፎንቱ በዚያ ኮድ ቦታ የ«አ»ን ቅርጽ ይስላል። የኮዱ ቦታ ደግሞ ከ256 አይበልጥም። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው አይበቃውም። ስለዚህ ለምሳሌ «ዲ»ን ለመጻፍ አንድ ምልክት ለአካሉ፣ ሌላ ምልክት ለቅጥያው ተጠቀሙ። ጋሼ ፋይል ላይ የእኩል ይሆናል ምልክቱ የበዛው ለዚህ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ቅርጹ ብቻ ይጠፋል። ኮዱ አንድም ሳይጎድል እዚያው አለ።

ይህን ሳያጣሩ ሰውን «እንደገና ታይፕ አስደርጉት» ብለው የሚሸኙ ባለሙያዎች በጣም ያናድዱኛል። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በገጽ ሂሳብ እንደገና ልታስጽፍ ቀብድ ከፍላ ነበር። የጎደላት አንድ ፎንት ነው።

ጽሑፋችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አንድ መስመር ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስልካችሁ ላይ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው፣ ዊንዶው ቢቀያየር አትስጉ። የተዘበራረቀ ላቲን ከሆነ የድሮው ዓይነት ነው። እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ ፎንቱን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ቀጥሎ ጽሑፉን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። ስታዞሩ ዲቃላ ፊደላትንና ሥርዓተ ነጥብን ከዋናው ጋር እያስተያያችሁ አርሙ፣ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ለማተም ብቻ ከሆነ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል።

እዚሁ ላይ ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። አማርኛው ይነበባል፣ ገጹ ግን ተንሸራትቷል። ማውጫው 42 የሚለው ምዕራፍ 45 ላይ ይገኛል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የኒያላ ጉዳይ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ የሚመጣ የአማርኛ ፎንት ነበር። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ሆነ፤ እሱ ሲታጣ ዊንዶውስ ኤብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይተካዋል። የሁለቱ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ግቡና የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ጫኑ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኒያላ ሲመለስ ገጹም ወደ ቦታው ይመለሳል።

«ኮር አይ 7 ነው እኮ፣ እንዴት ዊንዶውስ 11 አይቀበልም?»

አይ 7 ስላለ አዲስ ነው ማለት አይደለም። የሚታየው የፕሮሰሰሩ ጄኔሬሽን፣ ማለትም ትውልዱ ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ 7-4600ዩ 4ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አይ 3-8130ዩ 8ኛ ነው፣ አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥላችሁ ሰው «አይ 7 ነው» ብሎ ዝም ካለ «ስንተኛ ጄኔሬሽን?» ብላችሁ ጠይቁ። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት።

ራም መጨመርም ይህን አይፈታውም። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 4 ጊጋ ነው፣ አብዛኛው ሰው ከዚያ በላይ አለው። የሚያግደው ፕሮሰሰሩ ወይም ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ክፍል ነው። ቲፒኤም ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ አለ፣ ባዮስ በሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ጠፍቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ፈልጉና አብሩት። በዚህ ብቻ ኮምፒውተር ሊቀይሩ የነበሩ ሰዎችን ከወጪ አድኛለሁ። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም የትኛው እንደጎደለ ይነግራችኋል።

ሩፈስ በሚባል የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍተሻውን አልፎ መጫን ይቻላል። ደንበኛ አጥብቆ ከጠየቀኝ እጭናለሁ፣ ግን አስጠንቅቄ ነው። ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይገባም። 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ደግሞ እንደ ኮር ቱ ዱዎ ያሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ጨርሶ አይነሳም።

«ፕሪንተሩ ሞተ»

ድራይቨር በዊንዶውስና በዕቃው መካከል ያለ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ሁለቱ ጤነኞች ቢሆኑም አይግባቡም። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም የለውም፣ 64 ብቻ ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም እዚያ ላይ ይሠራል፤ ባለ 32 ቢት ድራይቨር ግን አይሠራም። ለድሮ ኮምፒውተር የተሰጣችሁ ሲዲ የማይጠቅመው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

አንድ የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት ያረጀ ሌዘር ፕሪንተሩን ለቁራሌው ሊሰጠው ደጃፍ አውጥቶት ነበር። ቀለሙ ሙሉ፣ ወረቀት አሳላፊው ደህና። አምራቹ ለዚያ ሞዴል አዲስ ድራይቨር አላወጣም። የዚያው አምራች የሆነ፣ በአንድ ዓይነት የህትመት ቋንቋ የሚሠራ ሌላ ሞዴል ድራይቨር መርጬ ጫንኩለት። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። እስካሁን ያትምበታል። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፣ ሳይሞከር መጣል ግን ያሳዝናል።

ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ብቻ አውርዱ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ» የሚሉ ነፃ ፕሮግራሞችን አትንኩ።

«ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ አድርገው፣ ይሠራል»

አንዳንዴ ይሠራል። ሞዱ ፕሮግራሙ የድሮ ዊንዶውስ ላይ ያለ እንዲመስለው ያደርጋል። ድራይቨር ግን አይፈጥርም። ባለ 16 ቢት ፕሮግራምም 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በዚህ ሞድ አይከፈትም። አንዳንድ የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም ራሱ 32 ቢት ሆኖ መጫኛው 16 ቢት ነው፤ ሰው ሲዲውን ይወቅሳል። ዶት ኔት 3.5 (አንዳንድ ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚፈልጉት የዊንዶውስ ክፍል) የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ ደህና ነው። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ገብታችሁ እሱን አብሩት።

«ዊንዶውስ 10 ስላበቃለት ኮምፒውተሩ አይነሳም»

ይነሳል። የቆመው የደህንነት አፕዴት ነው፤ ለግለሰቦች የተራዘመው አገልግሎትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፣ ያውም ለተመዘገበ።

«ፎርማት ካልተደረገ አዲሱ አይገባም»

ስህተት ነው። ከ10 ወደ 11 ፋይሉም ፕሮግራሙም ባለበት መሻገር ይቻላል። ቢሆንም ባክአፕ ሳትይዙ አትጀምሩ፣ መብራት መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ላፕቶፑን ቻርጅ ሙሉ። ፎንት ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ። የዋይፋዩን ድራይቨር ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ አውርዱ፤ አዲስ ጭነት ከሆነ ዋይፋዩ ላይሠራ ይችላል፣ ያኔ ድራይቨሩን በምን ታወርዱታላችሁ?

ከተሻገራችሁ በኋላ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሁሉንም ሞክሩ። አንድ ገጽ አትሙ። ስካን አድርጉ። የሂሳብ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ አንድ ሪፖርት አውጡ። የድሮውን የአማርኛ ፋይል ክፈቱ። ካልተስማማችሁ ወደ ዊንዶውስ 10 የሚመልሰው ቁልፍ የሚሠራው ለ10 ቀን ብቻ ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ስካነሩ እንደማይሠራ ያወቀው በ12ኛው ቀን ነበር። ቁልፉ የለም።