ስለ ራግቢ ተጫዋቾች ሙያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ ሰው በራግቢ እንጀራውን እንደሚበላ ሲነገር ብዙዎች ቶሎ የሚታያቸው አንገት የሌለው የሚመስል ግዙፍ ሰው፣ ግጭትና የተትረፈረፈ ገንዘብ ነው። ስፖርቱን ለዓመታት የተከታተልኩት ከልቤ ወድጄው ስለሆነ ይህ አስተያየት ሳይታረም ሲያልፍ ዝም ማለት ይከብደኛል። የማወራው በአንድ ወገን 15 ተጫዋች ተሰልፎ 80 ደቂቃ ስለሚጫወትበት ራግቢ ዩኒየን ነው። ባለ 13 ተጫዋቹ ራግቢ ሊግ በ1895 ተገንጥሎ የራሱን መንገድ የያዘ ሌላ ስፖርት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ግዙፍ ያልሆነ ሰው ቦታ የለውም»

ደቡብ አፍሪካዊው ቼስሊን ኮልቤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ሴንቲ ገደማ ነው። በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በዮኮሃማ የእንግሊዙን አምበል ኦዌን ፋረልን በአንድ እርምጃ አታልሎ አልፎት ትራይ (ኳሱን ከባላጋራው የግብ መስመር ወዲያ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ፤ ደቡብ አፍሪካም 32 ለ 12 አሸነፈች። የዘመኑ ምርጥ እየተባለ የሚጠራው ፈረንሳዊው አንቷን ዱፖንም ከኮልቤ ብዙም አይረዝምም። ሰውነትን የሚወስነው የሚጫወቱበት ቦታ ነው። ላይንአውት ላይ (ከሜዳ የወጣ ኳስ በሁለቱ ቡድኖች ሰልፍ መሃል ሲወረወር) ተነስቶ ኳስ የሚቀማ ሰው 2 ሜትር ቢሆን ይመረጣል፣ ኳሱን ከተጋፊዎቹ ተቀብሎ ለሌሎቹ ለሚያቀብለው ስክረም ሃፍ ግን ፈጣን እጅና ፈጣን አእምሮ ይበልጡበታል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ ግዙፎቹ ጉልበታቸውን ብቻ ይዘው የሚገቡ ይመስላል። ስክረምን እንውሰድ። ስምንት ለስምንት ሆነው፣ ተቆላልፈውና ጎንበስ ብለው ለኳሷ ይገፋፋሉ። በከፍተኛ ደረጃ የአንዱ ወገን ስምንቱ ብቻ ሲደመሩ ከ800 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ቀረብ ብላችሁ በፊት ረድፍ ዳር የሚቆመውን 3 ቁጥሩን ፕሮፕ ተመልከቱት። ጭንቅላቱ በሁለት ባላጋራዎች መሃል ስለሚገባ ሁለቱም ይጫኑታል፣ ከኋላ ደግሞ የራሱ ጓደኞች ይገፉታል። ዳሌው ከትከሻው በላይ ከወጣ ወይም እግሩ አንድ ስንዝር አጉል ወደ ኋላ ከቀረ ያ ሁሉ ክብደት መሬት ይደፋዋል፤ ዳኛውም ቅጣት ይሰጥበታል። በመፋተግ ብዛት ከጆሯቸው ቆዳ ሥር ደም እየቋጠረ ስለሚደድር ብዙዎቹን በጆሯቸው መለየት ይቻላል። ዚምባብዌ ተወልዶ ለደቡብ አፍሪካ 117 ጊዜ የተሰለፈው ቴንዳይ ምታዋሪራ በመጀመሪያ የሚጫወተው በስክረሙ የኋለኛ ረድፍ ነበር። ወደ ፕሮፕነት ሲዛወር የነበረው ጉልበት አልበቃውም፣ ሙያውን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። የዚያን ትምህርት ፍሬ ዓለም ያየው በ2009 ደርባን ላይ ብሪቲሽና አይሪሽ ላየንስን (ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ የተመረጡ ተጫዋቾች ቡድን) ሲገጥሙ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ሲጋጩ ይውላሉ»

ሰውነት ይህን አይችልም። በ2021 የስፖርቱ የበላይ አካል የዓለም ራግቢ (ወርልድ ራግቢ) ያወጣው መመሪያ ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ በሳምንት ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይመክራል። አዎ፣ በሳምንት። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው ክብደት በማንሳት፣ በሩጫ፣ የባላጋራን ቪዲዮ ደጋግሞ በማየት፣ የላይንአውት ጥሪዎችን በመሸምደድ፣ በፊዚዮቴራፒስት አልጋ ላይና በእንቅልፍ ነው። ከጨዋታ ማግስት ብዙዎቹ ደረጃ ሲወርዱ እንኳ የእጀታውን ብረት ይይዛሉ። ሳምንቱ እኩሌታው ያለፈውን ጨዋታ ከሰውነት ለማስወጣት፣ እኩሌታው ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት ይውላል ማለት ይቻላል።

«ሁሉም ሚሊየነር ናቸው»

ራግቢ ዩኒየን ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን በይፋ የፈቀደው በነሐሴ 1995 ነው። ከዚያ በፊት የዓለም ዋንጫ ያነሱ ሰዎች በማግስቱ ወደ መደበኛ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ዛሬ በእርግጥ ጥሩ የሚከፈላቸው አሉ፣ ግን እንግሊዝና ፈረንሳይን በመሰሉ ሊጎች የደመወዝ ጣሪያ ስላለ ክለቡ ለኮከቡ ብዙ ከሰጠ የሚቀረው ለሌሎቹ ይሸነሸናል። ከአካዳሚ አዲስ የወጣው ልጅና በስም የሚታወቀው ፍላይሃፍ (የቡድኑን ጨዋታ የሚመራው ተጫዋች) አንድ ማሊያ ይልበሱ እንጂ ኑሯቸው አይገናኝም።

ከገንዘቡ ማነስ የበለጠ የሚያሳስበኝ ዋስትና ማጣቱ ነው። ውል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው፤ ክለቡ ራሱ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። በ2004 እና በ2007 የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው የእንግሊዙ ክለብ ዋስፕስ በጥቅምት 2022 ከሰረ፤ ተጫዋቾቹ በውድድር ዘመኑ መሃል ሥራ ፈት ሆኑ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ዉስተር ከስሮ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለንደን አይሪሽ ተከተለ። በዚያ ሰሞን ከሦስት ክለብ የተበተኑ ተጫዋቾች ለተመሳሳይ ጥቂት ክፍት ቦታዎች ተሻሙ። ጉዳት ላይ የነበረውን አስቡት፤ ሮጦ ራሱን እንኳ ማሳየት አይችልም።

ማን እንደሚከፍልም ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ዋናው አሠሪ ክለብ ነው፣ በኒውዚላንድ ግን ፌዴሬሽኑ ነው። ስለዚህ ኒውዚላንዳዊው ለተሻለ ገንዘብ ወደ ፈረንሳይ ወይም ጃፓን ሲሄድ በአብዛኛው የብሔራዊ ቡድኑን ጥቁር ማሊያ መልበሱ ይቀርበታል። በ27 ዓመቱ፣ ቤተሰብ እየመሠረተ፣ ይህን መምረጥ ያለበትን ሰው «ገንዘብ አሳዶ ሄደ» ብሎ መፍረድ አልወድም።

ሴቶቹ ጋ ስንመጣ ሙያው ገና ለጋ ነው። እንግሊዝ ለ28 የ15ቱ ራግቢ ተጫዋቾቿ የሙሉ ጊዜ ውል የሰጠችው በጥር 2019 ነው።

«ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚቀጥል ጀግና ነው»

ከሁሉም አደገኛው አመለካከት ይህ ነው። በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳው ሁከር (በስክረሙ የፊት ረድፍ መሃል የሚቆም ተጫዋች) ስቲቭ ቶምፕሰን በ2020፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ የመርሳት በሽታ እንዳለበትና ያንን ዋንጫ ማንሳቱን እንደማያስታውስ ተናግሯል። እሱን ጨምሮ ብዙ የቀድሞ ተጫዋቾች የስፖርቱን አስተዳዳሪዎች ፍርድ ቤት አቁመዋል።

ዛሬ በከፍተኛ ደረጃ ውድድሮች ጭንቅላቱ ተመቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች ለ12 ደቂቃ ወጥቶ ይመረመራል፣ በቦታውም ጊዜያዊ ተቀያሪ ይገባል። ከጩኸቱ ርቆ ሐኪሙ የቃላት ዝርዝር ያነብለትና እንዲደግም ያደርገዋል፤ ቁጥሮችን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስጠራዋል፤ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በመስመር ላይ ያራምደዋል። ትንሽ ቆይቶ እነዚያን ቃላት መልሶ ይጠይቀዋል። ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ልቡ ሜዳ ላይ ቀርቶ «ደህና ነኝ፣ ልግባ» የሚለው ሰው ስድስተኛው ቃል ይጠፋበታል። መልሱ የሚመዘነው ጤነኛ ሳለ ከተመዘገበለት ውጤት ጋር ነው። ራሱን የሳተ ወይም የተንገዳገደ ከሆነ ፈተና ሳያስፈልግ ለዚያ ቀን ጨዋታው አብቅቷል። ከጥር 2024 ጀምሮ ደግሞ በጥርስ መከላከያው ውስጥ ያለ መሣሪያ ጭንቅላትን የነቀነቀውን ኃይል ለክቶ ለሐኪሙ ምልክት ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ችግሩን ፈትቶታል ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። ምርመራው የሚይዘው የተጠረጠረውን ነው። ለዓመታት የሚጠራቀመው የትናንሹ ምት ጉዳይ አሁንም የሚያስጨንቅ ነው፤ ልጁን ወደ ሜዳ የሚልክ ወላጅም ይህን አውቆ መወሰን አለበት።

«በልጅነቱ ያልጀመረ አይደርስበትም»

አብዛኛው በልጅነት ይጀምራል፣ ግን በሩ አልተዘጋም። ፊጂያዊው ሌቫኒ ቦቲያ ሙያዬ ብሎ ከመያዙ በፊት የእስር ቤት ጠባቂ ነበር፤ በ2023 ከፈረንሳዩ ላ ሮሼል ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል።

«ጫማ መስቀል ማለት እስከ 40 ዓመት ከተጫወቱ በኋላ የሚመጣ እረፍት ነው»

ዌልሳዊው አለን ዊን ጆንስ ከ37 ዓመቱ በላይ ተጫውቶ፣ በዌልስና በላየንስ ማሊያ 170 ጊዜ ተሰልፎ ነው ያቆመው። እሱ ግን ብርቅ ነው። የአገሩ ልጅ ሳም ዋርበርተን ላየንስን ሁለት ጊዜ በአምበልነት ከመራ በኋላ በ2018 ሰውነቱ አልመለስ ሲለው በ29 ዓመቱ አቆመ። በሌላ ሙያ በዚያ ዕድሜ ሰው ገና ሥራውን መልመዱ ነው። ስለዚህ አስተዋዮቹ እየተጫወቱ ይማራሉ። የኒውዚላንድ አምበል የነበረው ሪቺ ማኮው ሄሊኮፕተር ማብረር ተማረ። በ2013 ዋርበርተን አምበል ሆኖ በመራው የላየንስ የአውስትራሊያ ጉዞ ላይ የነበረው ጄሚ ሮበርትስ ደግሞ ከካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀው በዚያው ዓመት ነው። በልምምድና በጨዋታ መሃል ለዓመታት እያነበበ ዶክተር ሆነ፤ በዚያው ክረምት ሲድኒ ላይ በወሳኙ ሦስተኛ ግጥሚያ ትራይ አስቆጠረ።